ተረከዙ የተላቀቀውን ጫማ ምን ላድርገው?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ምክር ለግሱኝ። መርካቶ ጫማ ቤት ተቀጥሬ ነው የምሠራው። ግድግዳችን ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» የሚል ወረቀት አለ። ባለቤቱ ለጥፎት ሄደ፤ ስድቡን የምጠጣው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ አንዲት እናት ለሰርግ ብለው ባለተረከዝ ጫማ ገዙ። ማክሰኞ ይዘውት መጡ። የግራው ተረከዝ ተላቅቆ ሙጫው ይታያል። ሶሉ ደግሞ ጭቃ በጭቃ ነው፤ እሳቸው ግን «እግሬንም አላስገባሁበት» ብለው ማሉ! ወረቀቱን ባሳያቸው «ልጄ፣ ይሄ ከአዋጅ ይበልጣል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ይላል።

ለባለቤቱ ብነግረው «ካዘንሽላቸው ከደመወዝሽ መልሺ» አለኝ።

ሴትዮዋ ነገ ደረሰኙን ይዘው ይመጣሉ። ሦስት ቀን ተደርጎ የተላቀቀ ተረከዝ የፋብሪካ ጉድለት ነው ወይስ የጭፈራ? ሱቅ የሠራችሁ፣ ባለቤቱን ሳላስቀይም ቢያንስ እንዲለውጥላቸው እንዴት ላግባባው?