ጥቆማ፦ ጌም አብሮኝ የሚሠራ ሰው ደሴ ወይ ኮምቦልቻ የት ይገኛል?

ጠያቂው (ደሴ)፦ ሰላም ጀመዓ። ማታ ማታ ከሥራ መልስ አንድ ሮል ፕሌይንግ ጌም (ገጸ ባሕርይ ሆነህ ታሪኩን የምትጫወትበት) እየሠራሁ ነው። ታሪኩ ሐይቅ ዳር ይጀምርና በአምባሰል አድርጎ መቅደላ ይገባል። ኮዱን እኔው በጎዶት፣ ማለት በጌም መሥሪያ ሶፍትዌር፣ እጽፋለሁ። ሥዕልና ሙዚቃ ግን አልሆነልኝም፤ የሣልኳት በቅሎ ፍየል መስላ ቁጭ አለች። ክፍያ የለም፣ ለፍቅር ነው። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ልለጥፍ፣ ቴሌግራም ላይ ልፈልግ ወይስ ኢች ዶት አይኦ በሚባለው የጌም ሠሪዎች ድረ ገጽ ላይ ከፈረንጅ ጋር ልሥራ?

የፒያሳው፦ ፍቅሩ በብር ሲመነዘር ስንት ነው?

ቃሉ፦ ቴሌግራምን እንዳትሞክራት! እኔ ተቃጥያለሁ። 6 ሆነን ጀመርን። በ2 ወር ያለቀው ሎጎ፣ የግሩፕ ሕግና የ41 ገጸ ባሕርያት ስም ነው። ከመሀላችን የሚሠራው አንድ ልጅ ነበር፣ ካርታ ይሥላል። እሱም ላፕቶፑን ፎርማት አስደረገ። «ካርታው ዲ ድራይቭ ላይ ነው፣ አይነካም» ብሎን ነበር። ለካ ዴስክቶፕ ላይ ኖሯል! ከዚያ ደግሞ የጌሙ ባለቤት ማነው ብለን ተጣላን። የሌለ ጌም እኮ ነው ወላሂ።

ቧንቧ ውሃ፦ ኧረ እሱ ሪከቨር ይደረግ ነበር። እኔ ላፕቶፔን አረብ ገንዳ ካለ ልጅ ሌላ አላስነካም።

የፒያሳው፦ ያ ልጅ ቦርድህን ሁለቴ አላቃጠለብህም?

ቧንቧ ውሃ፦ አቃጥሏል። ግን ሐቀኛ ነው፣ አቃጠልኩት ብሎ ይነግርሃል።

ጠያቂው፦ ጀመዓ፣ ላፕቶፔ ደህና ነው። ሰዓሊ ነው ያጣሁት።

ዩኒቲ ብቻ፦ ወንድሜ ጎዶትን ተወውና ዩኒቲ ተማር።

ሙጋድ፦ ጫማ ጠበበኝ ላለ ሰው እግርህን ቀይር ትላለህ። ደግሞ ያ ዩኒቲህ በፈረንጆቹ 2023 ጌም በተጫነ ቁጥር ላስከፍል ብሎ ስንቱን አላስጮኸም?

ዩኒቲ ብቻ፦ በ2024 ሰርዞታል። እኔ አልለቅም።

ሐይቅ ማዶ፦ እኔ ፒክስል አርት (በትንንሽ ነጥብ የሚሠራ የጌም ሥዕል) እሞክራለሁ፣ ስለዚህ ከሰዓሊ ወገን ልንገርህ። «ጌም አለኝ፣ ኑ» ሲባል አልመጣም፤ ስንቱ ጠርቶኝ ጠፍቷል። 10 ደቂቃ የሚጫወቱት ነገር አሳየኝና እመጣለሁ። እስከዚያ ኦፕን ጌም አርት የሚባል ድረ ገጽ ላይ የሊበሬትድ ፒክስል ካፕ ሥዕሎች አሉልህ፤ በፈረንጆቹ 2012 የተደረገ የጌም ውድድር ነው። ሰው፣ ቤት፣ ዛፍ፣ ሁሉም በነጻ። የሠሪዎቹን ስም መጥቀስ ግን ግዴታ ነው፤ አሻሽለህ ስታወጣም በዚያው ፈቃድ ነው። ጋቢ የለበሰ ሰው አታገኝም፣ ጋቢውን ራስህ ታለብሳለህ።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ብትለጥፍ የሚመጣልህ ኮደር ነው፣ ፈተና ሲደርስም ይጠፋል። ኢች ላይ ሰዓሊ ሞልቷል፤ ግን መሶብን ባርኔጣ አድርጎ ይልክልሃል፣ ደርሶብኛል። እኔ ብሆን ቴሌግራምን እመርጥ ነበር፣ ከ2 ሰው ባይበልጥ። ስትጽፍም «ሰዓሊ እፈልጋለሁ» አትበል። «በ4 አቅጣጫ የሚራመድ እረኛ፣ በአንድ ወር» በል። የወጣ ሰው ሥዕሉን ይዞ ይሄዳል ወይስ ጌሙ ውስጥ ይቀራል? ሳትጣሉ በፊት ጻፉት። ፋይሉን ደግሞ ኢንተርኔት ላይ፣ ጊትሃብ ላይ አስቀምጡ፣ የቃሉ ካርታ እንዳይደርስባችሁ።

ቃሉ፦ ቁስሌን ነካሽው።

ሰኞ ገበያ፦ ጎዶት አማርኛ ይጽፋል እንዴ? ለብሮውዘር ሳወጣው ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆነብኝ።

ሐይቅ ማዶ፦ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገባ። ብሮውዘር ላይ የኮምፒውተሩን ፎንት አይበደርልህም።

ባቲዬ፦ ሙዚቃውን በባቲ ቅኝት አድርገው፣ አለቀ።

የአምባሰል ልጅ፦ ታሪኩ አምባሰልን እየረገጠ ሙዚቃው ባቲ? በማርያም!

ባቲዬ፦ ታዲያ ውጊያ በአምባሰል ሊጋጠም ነው? ጠላት ተክዞ ይቀመጣል።

ሙጋድ፦ ልጁ የጠየቀው ሙዚቃ የሚሠራ ሰው ነው። እናንተ ቅኝት እያማረጣችሁ ነው።

የአምባሰል ልጅ፦ እሺ፣ እኔ ክራር አለኝ። በስልክ ቀድቼ 40 ሰከንድ እልክልሃለሁ። ግን እየዞረ የሚጫወት ከሆነ መጨረሻው ከመጀመሪያው መግጠም አለበት፤ አለዚያ በየ40 ሰከንዱ ቋ ይላል። ስትቆርጠው ክሩ ንዝረቱን ሳይጨርስ እንዳትነካው።

ጠያቂው፦ አላህ ይስጥልኝ! በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ። ሐይቅ ማዶ፣ አንቺንም።

የፒያሳው፦ (ከ3 ሳምንት በኋላ) እና ማንን ያዝክ? በቅሎዋስ?

ሰኞ ገበያ፦ ቃሉ፣ ያ ካርታ ግን ተገኘ?

ቃሉ፦ የለም።

ቧንቧ ውሃ፦ አረብ ገንዳ ብትወስደው ይገኝ ነበር።