ለአማርኛ ብሎግ ሁጎ ይሻላል ወይስ ጄኪል?

ጥያቄ፦ ሀዋሳ ነኝ። ስለ ሐይቁ ዓሣና ስለ ሰፈራችን በአማርኛ መጻፍ አምሮኛል። በየወሩ ለሆስቲንግ መክፈል አልችልም። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ዊንዶውስ 10። ኢንተርኔቴም በጥቅል ነው። «ስታቲክ ሳይት ሥሪ» ተባልኩ። በምን ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ በሁጎ ጀምሪ። እኔም እዚሁ ሀዋሳ፣ አቶቴ ቁጭ ብዬ ሦስት የስታቲክ ሳይት መሥሪያ ፕሮግራሞችን ሞክሬያለሁ፦ ሁጎን፣ ጄኪልንና ኢለቨንቲን።

ነገሩ ቀላል ነው። በማርክዳውን (ርዕሱን፣ ሊንኩን በቀላል ምልክት የምታሳዪበት ተራ ጽሑፍ) ትጽፊያለሽ፤ ፕሮግራሙ ጽሑፍሽን ላፕቶፕሽ ላይ ወደ ኤችቲኤምኤል ይቀይረዋል። ዳታቤዝ የለም። የአንባቢሽንም ዳታ ብዙ አይበላም።

ጄኪል ከነቲሙ (ከነገጹ መልክ) ይመጣል፤ ሳይትሽን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥልሽ ጊትሀብ ፔጅስም ራሱ ያስኬደዋል። ላፕቶፕሽ ላይ ለማየት ግን ሩቢ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መጫን አለብሽ። እኔ ስጭን ግማሽ ቀን ሄደ፣ መሃል ላይ ጥቅሌም አለቀ። ኢለቨንቲ ኖድ (ጃቫስክሪፕት ማስኬጃ) ይፈልጋል፤ ጃቫስክሪፕት ካልቻልሽ እለፊው። ሁጎ አንድ ፋይል ነው። አውርደሽ ማስኬድ ብቻ። ኔትወርክ ቢጠፋም ጽሑፍሽን እያየሽ ታስተካክያለሽ። ቲም ግን ይዞ አይመጣም፤ መጀመሪያ ባዶ ገጽ ብታዪ አትደንግጪ። ፔፐርሞድ የሚባለውን ቲም ጨምሪበት።

እኔን ያቃጠለኝ ቀኑ ነው። ሁጎ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። አንዱን ጽሑፌን በልማድ 2017 ብዬው ከዝርዝሩ ግርጌ ወረደ፤ ስፈልገው ዋልኩ። ጳጉሜንማ አትሞክሪው። 13ኛ ወር ሲያይ ስህተት ብሎ ይቆማል። የኛን ቀን ጽሑፉ ውስጥ በእጅሽ ጻፊው። በፋይሉ አናት ላይ ድራፍት (ረቂቅ) የሚለውንም ፎልስ አድርጊው፣ አለበለዚያ ጽሑፉ አይወጣም።

የፋይሉ ስም ደግሞ በላቲን ፊደል ይሁን። በአማርኛ ከሆነ ሊንኩ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። «ሰላም» ብቻዋን 27! ቴሌግራም ላይ ስትለጥፊው እባብ ያህላል።

ማስቀመጫው ጊትሀብ ፔጅስ ይሁን፤ ነጻ ነው፣ እስከ 1 ጊጋባይት ይይዛል። ነጻ አድራሻም ይሰጥሻል፤ ዶሜይን ልግዛ ብለሽ የዶላር ካርድ ፍለጋ አትንከራተቺም። በነጻው ግን ፋይሎችሽ ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ ያላለቀ ጽሑፍሽንም ሰው ያየዋል። ይሄ የሚያሳስብሽ ከሆነ ክላውድፍሌር ፔጅስ ይሻልሻል። እሱም ነጻ ነው፣ ፋይሎችሽንም ዘግተሽ መሥራት ትችያለሽ።

ሌላ መልስ፦ ወንድሜ፣ ጄኪልን እንዲህ አታጣጥለው። እኔ ላፕቶፕ የለኝም። በስልኬ ብሮውዘር ጊትሀብ ገብቼ ማርክዳውን ፋይል እጨምራለሁ፤ ቀሪውን ጊትሀብ ራሱ ይሠራዋል። አሞራ ገደል ዓሣ እስኪጠበስልኝ አንድ ጽሑፍ ይወጣል።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ስልክ ብቻ ላለው ጄኪል ነው። እህቴ፣ የዓሣውን ፎቶ ግን ሳታሳንሺ እንዳትጭኚ። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ከመቶ ጽሑፍሽ ይከብዳል።