የጣሪያ ውሃ በአሮጌ በርሜል ማጠራቀም ፈልጌ ነበር

የኮተቤዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ የጣሪያው ውሃ ግቢውን አጨቅይቶ ይሄዳል። ቤቴ 40 ካሬ ቆርቆሮ ነው፤ አሸንዳ ያለው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ሁለት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜልና ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች አሉኝ። ለልብስና ለሽንት ቤት ከሆነኝ ይበቃኛል። ሮቶ ለመግዛት አሁን አቅም የለኝም። ከየት ልጀምር?

ቧንቧ ሠራተኛው፦ እህቴ፣ ከበርሜሉ ጀምሪ። ቀድሞ ምን ነበረበት? የምግብ ነገር ከነበረ በሙቅ ውሃና በሳሙና እሺው። የፀረ ተባይ ወይም የሌላ ኬሚካል ከሆነ ግን ስንቴ ቢታጠብ አይሆንም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄደሽ ያገለገለ ብትገዢም ሻጩ «ንጹሕ ነው» ስላለሽ ብቻ አትመኚ።

ሲሞላ 200 ሊትር ማለት 200 ኪሎ ነው። እንጨት ላይ እንዳታስቀምጪው። መሬቱን ደልድለሽ ብሎኬት ደርድሪ፤ ባልዲ ከቧንቧው ሥር እስኪገባ ከፍ ይበል። ቧንቧውን ከታች አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገሽ ግጠሚ፣ ዝቃጩ እዚያው ይቀራል። ቀዳዳውን አታስፊው። በውስጥም በውጭም ጎማ አድርገሽ በዳዶ ጥብቅ አድርጊው።

ከሰበታ፦ በርሜል ቶሎ ይሞላል፣ ተዘጋጂ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው። አሸንዳሽ የሚይዘው 20 ካሬ ቢሆን፣ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 200 ሊትር ይወርዳል። የሚፈናጠቀውን ቀንሺና 160 በዪው። ስለዚህ ከመጀመሪያው በርሜል አፍ ዝቅ ብሎ ወደ ሁለተኛው የሚያሻግር ቱቦ አድርጊ። ከሁለተኛው የሚተርፈው ደግሞ ከቤቱ መሠረት ራቅ ብሎ ይፍሰስ።

ባለ ጓሮው፦ ዋናውን ነገር ማንም አላነሳውም! መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ የወፍ ኩስ፣ አቧራና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። በርሜል ውስጥ አይግባ። ለ20 ካሬ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ዝናቡ ሲጀምር ቱቦውን ወደ ጀሪካኑ አዙሪ፤ ሲሞላ ወደ በርሜሉ መልሺ።

የኮተቤዋ፦ ቀን ቀን ቤት ሰው የለም እኮ።

ባለ ጓሮው፦ እንግዲያው ከአሸንዳው በሚወርደው ቱቦ ላይ ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ አስገቢ። የታችኛው አፍ ጀሪካኑ ላይ በደንብ ይታሰር፤ የጎኑ አፍ ወደ በርሜሉ ይሂድ። ጀሪካኑ ሲሞላ ውሃው ራሱ ወደ ጎን ይዞራል። ከዝናብ በኋላ ጀሪካኑን መድፋት እንዳትረሺ። የበርሜሉን አፍ በመስኮት ወንፊት ሸፍኚው፣ አለዚያ የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል።

ከሰበታ፦ ለመጠጥ ካማረሽ ደግሞ ሳይፈላ ወይም ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያው ክሎሪን) ሳይጨመርበት አይሞከርም። ውሃ አጋር ጀርም ይገድላል እንጂ ኬሚካል አያወጣም።

የኮተቤዋ፦ ተባረኩ! አንዱ በርሜል ላይ የጁስ ጽሑፍ አለ። የሌላው ጽሑፍ ተፍቋል፣ የሰጠኝ ሰውም አያውቅም።

ቧንቧ ሠራተኛው፦ የጁሱን ተጠቀሚበት። ያልታወቀውን ታቹን ብሺና ቆሻሻ መጣያ አድርጊው። እንዲሁ ለቆራሌው ከሰጠሽው ነገ ሌላ ሰው ውሃ ያጠራቅምበታል።