አያቴ ካሜራ ሳወጣ መፍተሏን ታቆማለች፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ፎቶ የማንሳት ልምድ ያላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ደብረ ብርሃን የፎቶግራፍ ተማሪ ነኝ። ለክፍል የምናቀርበው ስለ ራሳችን የሚናገር ተከታታይ ፎቶ ነው። እኔ የመረጥኩት መንዝ ያለችውን አያቴንና የበግ ፀጉር ፈተላዋን ነው። ያደግኩት እሷ ፈትላ ባሠራችው ባና (የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ) ተጠቅልዬ ስለሆነ፣ ከዚህ የበለጠ የራሴ የምለው የለኝም።

ችግሩ፣ ካሜራውን ሳወጣ እንዝርቷን ታስቀምጣለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። «እምዬ፣ ዝም ብለሽ ፍተዪ» ስላት «እንዲህ ሆኜማ ሰው አይየኝ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ክብሯን መንካት አልፈልግም። እኔ የምፈልገው ግን እጇን ነው፤ ፀጉሩን በጣቶቿ ስስ አድርጋ ስትስብ፣ እንዝርቱ ሲሽከረከር።

ሌላው ብርሃን ነው። ቤቱ መስኮት የለውም፣ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን መጠን) 3200 አድርጌ በ1/60 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ሳነሳ ፊቷ ደህና ይወጣል፣ እንዝርቱ ግን ይደበዝዛል። ፍጥነቱን ስጨምር ይጨልማል። ፍላሽ ደግሞ የቤቱን መልክ ያጠፋዋል። ድብዝዙን እንዳለ ልተወው ወይስ በሩ አጠገብ እንድትቀመጥ ልለምናት? ቀጥ ብላ የተቀመጠችበትንስ ፎቶ ከተከታታዩ ጋር ላስገባው ትላላችሁ? ማስረከቢያው ከፋሲካ በፊት ነው።