ሮዝውድ ከውጭ ለመግዛት ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ ቀርቷል?

ክር አጥባቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጊታር በእጄ እሠራለሁ። ለጀርባና ለጎን የሚሆን የህንድ ሮዝውድ እንጨት የሚሸጥ ሰው ውጭ አገር አግኝቻለሁ። አብሬ ጥቂት የፊንገርቦርድ (አንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍበት) ጣውላና ለአንገት የሚሆን ማሆጋኒ ልወስድ አስቤያለሁ። ስለ ፈቃድ ስጠይቀው «የሙዚቃ መሣሪያ በፈረንጆቹ 2019 ነፃ ሆኗል፣ አትጨነቅ፣ በፖስታ እልክልሃለሁ» አለኝ። አንድ የማውቀው ሠሪ ደግሞ እንዲሁ ተብሎ አዝዞ፣ ጉምሩክ ያዘበትና ገንዘቡም እንጨቱም ቀረ። ማንን ልመን? እንጨቱ ደረቅ ነው፣ መስመሩም ቀጥ ያለ ነው፣ ባጣው ይቆጨኛል። ሕገወጥ እንጨት ግን በፍጹም አልፈልግም።

ሙጫና መላጊያ፦
ወንድሜ፣ ሻጩ ግማሹን ነው የነገረህ። አደጋ ላይ ያሉ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ሳይተስ የሚባለው ስምምነት አለ። በ2016 አባል አገሮቹ ጆሃንስበርግ ላይ ተሰብስበው ሮዝውድ የሚመደብበትን የዳልቤርጂያ ወገን ዝርያዎች በሙሉ አባሪ 2 ውስጥ፣ ማለትም በፈቃድ ብቻ የሚነገድበት ዝርዝር ውስጥ አስገቡ፤ የብራዚሉ ሮዝውድ ብቻ ከ1992 ጀምሮ ጥብቁ አባሪ 1 ውስጥ ስለነበር እዚያው ቀረ። ዋናው ምክንያት የቤት ዕቃ ገበያው ዛፉን እየጨረሰው መሆኑ ነበር፤ እኛም አብረን ተመታን። በ2017 ሥራ ላይ ሲውል ለሽያጭ ድንበር የሚሻገር ያለቀለት ጊታር ሳይቀር ወረቀት ይጠየቅበት ጀመር። በ2019 ጄኔቫ ላይ ተሻሻለና ያለቀለት መሣሪያ፣ ያለቀለት ክፍልና መለዋወጫ ነፃ ወጣ።

ጥሬው እንጨት ግን አልወጣም። ያለቀለት ክፍል የሚባለው ቅርጹን ይዞ፣ ወስደህ የምትገጥመው ነው። አንተ የምትገዛው ጣውላ ገና ይላጋል፣ ይከረከማል፣ የፍሬት መስመር ይወጣለታል። ስለዚህ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በቃ።

የቀስት ልጅ፦
ማሆጋኒውንም አትርሳው። የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካው ትልቅ ቅጠል ማሆጋኒ ከ2003 ጀምሮ አባሪ 2 ላይ ነው፤ ግንድና ጣውላው ፈቃድ ይጠየቅበታል። የአፍሪካ ማሆጋኒ የሚባለው ካያም በ2022 ፓናማ ላይ በተደረገው የሳይተስ ስብሰባ ተጨምሯል። እንጨት በገበያ ስሙ ብቻ አትግዛ፣ ሳይንሳዊ ስሙን በጽሑፍ ተቀበል። ኮኮቦሎና ኪንግውድ ሮዝውድ ባይባሉም ዳልቤርጂያ ናቸው። የክላሪኔቱ ጥቁር እንጨትም ያው ነው። ሳንቶስ ሮዝውድ የሚሉት ደግሞ ሌላ ወገን ነው፣ ዳልቤርጂያ አይደለም።

እኔ የቫዮሊን ቀስት እሠራለሁ። ቀስት የምንሠራበት እንጨት፣ ፐርናምቡኮ፣ በዓለም ላይ የሚበቅለው በብራዚል የአትላንቲክ ዳርቻ ጫካ ብቻ ነው፣ ከዚያም ጫካ የቀረው ትንሽ ነው። በ2007 ሲመዘገብ ጥሬው ብቻ ነበር፤ ከ2022ቱ ስብሰባ በኋላ ግን ያለቀለት ቀስት እንኳ ከብራዚል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ፈቃድ ይፈልጋል። ሥራዬን ከብዶታል። ቢሆንም ሕጉን አልቃወምም። ዛፉ ካለቀ ቀስቱም አለቀ።

ሙጫና መላጊያ፦
እህቴ፣ በዛፉ እስማማለሁ። የሚያናድደኝ ሸክሙ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ኮንቴይነር ሙሉ የሚያስገባው ድርጅትና ለሁለት ጊታር የሚበቃ እንጨት የሚገዛው ሰው የሚሞሉት ፎርም አንድ ነው፣ የሚጠብቁትም ያው ነው። ትልቁ ድርጅት ለዚህ የተቀጠረ ሰው አለው። ትንሹ ሠሪ መላጊያውን አስቀምጦ ቢሮ ለቢሮ ይንከራተታል። ለጥቂት ጣውላ ቀለል ያለ አሠራር ቢኖር ጫካውን የሚጎዳው አይመስለኝም።

ዶሴ፦
የማስመጣት ሥራ ውስጥ ስለሆንኩ ወረቀቱን ልንገርህ። የላኪው አገር ፈቃድ እንጨቱ ከመነሳቱ በፊት መውጣት አለበት። «ይድረስና እናወጣለን» የሚባል ነገር የለም፤ ያ ጓደኛህ የተያዘበትም በዚህ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ ሳይንሳዊ ስሙ፣ መጠኑና የተቆረጠበት አገር መኖር አለበት። ከታች የላኪው ጉምሩክ በትክክል የወጣውን መጠን ሞልቶ ማህተም የሚያደርግበት ሳጥን አለ። እሱ ባዶ ሆኖ ከመጣ መቀበያው ላይ ጣጣ ነው። ፈቃዱ ከስድስት ወር በላይ አያገለግልም። እንጨቱ በሦስተኛ አገር ዞሮ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ከዚያ አገር የዳግም መላኪያ ሰርተፊኬት ያስፈልጋል። አንዳንድ አገሮች ከተቀባዩ የማስገቢያ ፈቃድ ይጨምራሉ፣ ስለዚህ የራስህን አገር ሕግ ቀድመህ ጠይቅ። የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ራሱን የቻለ ሌላ ወረቀት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ካለህ ሌሲ አክት የሚባል የአገሪቱ ሕግም አለ። በ2008 ከተሻሻለ ወዲህ እንጨቱ የተቆረጠበትን አገር ሕግ ጥሶ የወጣ ከሆነ አንተንም ያስጠይቅሃል። ጊታር ሠሪው ድርጅት ጊብሰን በማዳጋስካር ዞጲ ምክንያት በ2009 ተፈተሸ፣ በ2012 300,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ትልቅ ስምም አላዳነውም።

ክር አጥባቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሻጩን አሁን ጠየቅኩት፤ ፈቃድ አላወጣም፣ የማሆጋኒውንም ሳይንሳዊ ስም አያውቅም። ትዕዛዙን ሰርዣለሁ። ሌላ መንገድ አለ?

ዶሴ፦
አለ። በፈቃድ አስገብቶ እዚያው ያንተው አገር ውስጥ የሚሸጥ ነጋዴ ፈልግ። ትንሽ ይወደዳል፣ ግን የድንበሩን ጣጣ እሱ ጨርሶታል። የፈቃዱን ቁጥር ደረሰኝህ ላይ እንዲጽፍልህ ጠይቀውና ደረሰኙን አትጣል። የተረፈህን ጣውላ ነገ ለውጭ ሠሪ ልሽጥ ብትል መጀመሪያ የምትጠየቀው እሱን ነው።