ክርክር፦ በገና ሰሞን በየቀኑ መመዘን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

አወያይ
የዛሬው ጥያቄ አንድ ነው። በገና ሰሞን ኪሎ እንዳይጨምር የሚፈልግ ሰው በየማለዳው ይመዘን ወይስ በዓሉ እስኪያልፍ ሚዛኑን አልጋ ሥር ይክተተው? ክብደት እንዲጠብቁ የሚመክሩ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ "ተመዘኑ" ይላሉ። የአመጋገብ መታወክ ያለባቸውን የሚያክሙት ደግሞ ምክሩ ለሁሉም እንደማይበጅ ያስጠነቅቃሉ። የራስ ታሪክ ይቆይና አሠራሩን በዝርዝር አምጡ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ
እኔ መመዘንን እደግፋለሁ፤ ምክንያቴም በበዓል የሚመጣው ጭማሪ ትንሽ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት 195 አዋቂዎችን ተከታትሎ በበዓሉ ሳምንታት የጨመሩት በአማካይ 0.37 ኪሎ ብቻ እንደሆነ አግኝቷል። ሰዎቹ ራሳቸው ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ የጨመሩ መስሏቸው ነበር። ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ክርክር ባላስፈለገን፤ ያቺ ትንሽ ጭማሪ ግን በቀጣዮቹ ወራት አልወረደችም። እንዲህ ያለች ጭማሪ ስትመጣ ሱሪ አይጠብም፣ ቦርጭም አይታይም። በየዓመቱ ሲደራረብ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ይህችን ትንሽ ነገር በጊዜ የሚያሳየን ሚዛን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመውን የበርሚንግሃም ሙከራም ላንሳ። 272 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ቢቻል በየቀኑ እየተመዘነ እንዲመዘግብ ተነገረው። አሥር ቀላል ምክሮች ተሰጡት፤ የበዓል ምግብና መጠጥ ለማቃጠል ምን ያህል እንቅስቃሴ እንደሚጠይቅ የሚያሳይ ዝርዝርም ተጨመረለት። ሌላው ቡድን የደረሰው ስለ ጤናማ አኗኗር የሚናገር በራሪ ወረቀት ብቻ ነበር። በመጨረሻ የመጀመሪያው ቡድን ሰዎች ከሌሎቹ በግማሽ ኪሎ ገደማ ያነሰ ክብደት ይዘው ተገኙ።

የሥነ ልቦና አማካሪ
ያነሱትን ሙከራ አልክድም፤ ድሉን ግን ለሚዛኑ ብቻ መስጠት አይቻልም። ሰዎቹ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ነው የተሰጣቸው። የትኛው እንደሠራ ከዚያ ሙከራ ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

የሚያሳስበኝ በበዓሉ ማግሥት የሚሆነው ነው። ሰውየው ጠዋት ሚዛን ላይ ወጥቶ 1.3 ኪሎ ጨምሮ ያገኘዋል። ይደነግጥና ቁርሱን ይተዋል፤ ምሳንም በቡና ያልፋል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሆዱ ተሟጦ ወጥ ቤት ይገባና የማቀዝቀዣውን በር እንደያዘ፣ ቆሞ፣ ትርፍራፊውን በእጁ ይጨርሰዋል። ሳህን ላይ ስላልቀረበ መጠኑን አያውቀውም፤ ቶሎ ቶሎ ስለበላም የጥጋብ ስሜቱ ሳይመጣ ብዙ አስገብቷል። ማታ ይጸጸታል፤ ነገ ጠዋት እንደገና ሚዛን። ይህን ዙር ያስጀመረው ምግቡ ሳይሆን ጠዋት ያየው ቁጥር ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር የተለየ ነው። በበዓል ቀንም ቢሆን የምግብ ሰዓት አይዘለል፤ በየሦስት አራት ሰዓቱ በሳህን፣ ተቀምጦ መብላት። ልኬት ካስፈለገ በሳምንት አንድ ጊዜ ወገብን በልብስ ሰፊ ሜትር መለካት ይበቃል። ሜትሩ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ይዞራል፤ ትንፋሽ በቀስታ ከወጣ በኋላ ይነበባል፤ ሆድ አይሳብም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
ያቺን 1.3 ኪሎ እንፈትሻት። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። 1.3 ኪሎ ስብ በአንድ ቀን ለመጨመር ሰውነት ከሚያቃጥለው በላይ 10,000 ካሎሪ መብላት ያስፈልጋል። ይህ በአንድ ማዕድ አይሆንም።

ታዲያ ሚዛኑ ዋሸ? አልዋሸም፤ የመዘነው ሌላ ነገር ነው። ዳቦ፣ ሩዝና ጣፋጭ ሲበዛ ጉበትና ጡንቻ ግላይኮጅን የሚባለውን የስኳር ክምችት ያከማቻሉ፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። 200 ግራም ግላይኮጅን ከነውኃው 800 ግራም ነው። ጨውም አለ፦ 9 ግራም ትርፍ ጨው ኩላሊት እስኪያስወጣው ድረስ ወደ አንድ ሊትር ውኃ ሊይዝ ይችላል። ያልወጣው ምግብ ራሱም ክብደት አለው። ይህ ሁሉ በሁለትና ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ቀን ድረስ በራሱ ይወርዳል። ስብ ግን እንዲህ በቶሎ አይወርድም። አማካሪዋ የገለጹት ድንጋጤ እውነተኛ ነው፤ የተደነገጠው ግን ለውኃ ነው።

አሰልጣኝ
ከዶክተሩ ቃል የምወስደው፣ ሚዛንን የሚያጣጥል ሳይሆን ንባቡን መማር እንዳለብን የሚያሳይ ትምህርት ነው። ሚዛኑ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ጠንካራ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ከቦታው አይነቃነቅ። ከእንቅልፍ ተነስቶ፣ ሽንት ቤት ደርሶ፣ ምንም ሳይቀምሱና በቀላል ልብስ መመዘን። ከዚያ የዕለቱን ቁጥር ጻፉና እለፉ፤ ፍርድ የሚሰጠው የሰባት ቀን አማካይ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ከሰኞ እስከ እሑድ 72.4፣ 72.6፣ 73.9፣ 73.5፣ 73.0፣ 72.7፣ 72.6 ተመዘገበ እንበል። ድምሩ 510.7፣ አማካዩ 72.96 ነው። ረቡዕን ብቻ ያየ ሰው 1.3 ኪሎ ጨመርኩ ይላል፤ እሑድን ከማክሰኞ ጋር ያስተያየ ግን ጎርፉ እንደ ጎደለ ያያል። የሚቀጥለው ሳምንት አማካይ 72.6 ከሆነና ከበዓሉ በፊት 72.4 ከነበረ፣ እውነተኛው ጭማሪ 200 ግራም አካባቢ ነው። በሳምንት አንዴ የሚመዘን ሰው ይህን ማየት ይቸግረዋል፤ ያ አንድ ቀን ረቡዕ ቢሆንበትስ?

የወገብ ልኬትን በተመለከተ ከአማካሪዋ ጋር አልስማማም። ሜትሩ በትንሹ ዘወር ወይም ጠበቅ ቢል አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ያመጣል። የምንፈልገው ግማሽ ኪሎ ደግሞ ከዚያ ስሕተት ውስጥ ይጠፋል።

ሼፍ
ሁላችሁም የምትነጋገሩት ከበሉ በኋላ ስላለው ሚዛን ነው። ብዙውን ነገር የሚወስነው ወጥ ቤት ውስጥ ያለችው ትንሿ ሚዛን ናት። በበዓል ምግብ ውስጥ ከሁሉ በላይ ተደብቆ የሚገባው ዘይትና ቅቤ ነው፤ ከጠርሙስ በቀጥታ ሲንቆረቆር ዓይን አይለካውም። ጠርሙሱን ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት፤ ወደ ድስቱ አፍስሳችሁ ጠርሙሱን መልሱት። "ከዜሮ በታች 42" ካለ 42 ግራም ዘይት ገብቷል፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ 370 ካሎሪ ገደማ ነው። በአንዱ የሾርባ ማንኪያ ቢሠራ የሚበቃ ምግብ ሁለት መቶ ሃምሳ ካሎሪ ያለ ምንም ጣዕም ተሸክሟል ማለት ነው። ሽንኩርቱ መያዝ ከጀመረ ዘይት ከመጨመር አንድ ሁለት ማንኪያ ውኃ ጠብ ማድረግ ይሻላል፤ ከድስቱ ሥር የያዘው ቡናማው ነገር ተላቅቆ መልሶ ጣዕም ይሆናል።

መጥበስ ላይ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው መጨናነቅ ነው። ዘይቱ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን ከምግቡ የሚወጣው እንፋሎት ዘይቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ብዙ ቁራጭ በአንድ ጊዜ ከተጨመረ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ላዩ ቶሎ አይደርቅም፣ መጥበሻው ላይ ይቆያል፣ ዘይትም ይይዛል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ ምግቡ ብዙ ዘይት የሚጠጣው ከዘይቱ ከወጣ በኋላ ነው። ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ውኃ ስለሚመለስ ላዩ ላይ የቀረውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ እንደወጣ ወዲያው አራግፎ በሽቦ ወንፊት ላይ መዘርጋትና ትኩስ እያለ ላዩን በወረቀት መንካት ነው። ቀዝቅዞ ከቆየ በኋላ ወረቀት ቢጫኑት ዘይቱ ውስጥ ገብቷል።

የሥጋ ሾርባና መረቅ ከሆነ ከበዓሉ በፊት ባለው ቀን ሠርታችሁ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ አቀዝቅዛችሁ ማቀዝቀዣ አስገቡት። ጠዋት ስቡ ላዩ ላይ እንደ ክዳን ረግቶ ይገኛል፤ በማንኪያ ጠርዝ ማንሳት ነው። የተነሣው 50 ግራም ቢሆን እንኳ 450 ካሎሪ ነው። በአትክልት ዘይት የተሠራ ግን እንዲህ ስለማይረጋ እሱን ከመጀመሪያው መለካት ብቻ ነው የሚያዋጣው።

የሥነ ልቦና አማካሪ
ሼፍ፣ ይህ ከዛሬው ሁሉ የወደድኩት ነው፤ ለውጡ ድስቱ ውስጥ ስለሚያልቅ የሚበላው ሰው ቁጥር ማሰብ አያስፈልገውም። የበርሚንግሃሙ ሙከራ የእንቅስቃሴ ዝርዝር ግን ያሳስበኛል። "ይህን ከበላህ ይህን ያህል ተራመድ" ሲባል እርምጃ ቅጣት ይሆናል፤ ቅጣት የሆነ ነገር ደግሞ በዓሉ ሲያልፍ ይቆማል።

አሰልጣኝ
በዚህ ላይ እቀበላለሁ፤ ሒሳቡም ቢሆን አያዋጣም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ፈጠን ብሎ ግማሽ ሰዓት ቢራመድ ከ120 እስከ 150 ካሎሪ ያቃጥላል። 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 140 ገደማ ነው፤ ለስላሳ መጠጥም በስኳሩ ብቻ ያንኑ ያህል ነው። አራት ቢራ የጠጣ ሰው ሁለት ሰዓት ሊራመድ ነው? አይሆንም። አልኮል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ሰውነት እሱን አስቀድሞ ስለሚያቃጥል ስቡ ተራ ይጠብቃል። ሁለት ጠጥቶ በመካከሉ ውኃ ማስገባት ከእርምጃው ይቀልላል።

እንቅስቃሴን የምመክረው ለሌላ ነገር ነው። በዕረፍት ቀን ሰው ወደ ሥራ የሚሄድበትን፣ ደረጃ የሚወጣበትን ሁሉ ሳያስበው ያቆማል። ከእያንዳንዱ ማዕድ በኋላ ዐሥር ደቂቃ መራመድ ያን ይተካል፤ የደም ስኳርንም ያለዝባል። ክብደት የሚያነሣ ሰው ደግሞ ጂም ቢዘጋበት አይጨነቅ። የሚያነሣውን ክብደት ሳይቀንስ የሚሠራውን ዙር ብዛት ወደ ሲሶ ቢያወርድ ለጥቂት ሳምንታት ጡንቻው አይሄድበትም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
ክርክሩ የማይመለከታቸው ሰዎች ስላሉ ሳይረሳ ልናገር። የልብ ድካም ያለበት ሰው በበዓልም በየቀኑ ይመዘናል፤ ምርጫ የለውም። በሦስት ቀን ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ የጨዉ ነገር ነው ብሎ ሳይጠብቅ ወደ ሐኪሙ ይደውል። ትንፋሽ ካጠረው ያኔውኑ ይሂድ።

ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ያለ ኪኒን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ማታ ለመብላት ብሎ ምሳ አይዝለል። መድኃኒቱ ምግብ ቢኖርም ባይኖርም ስኳሩን ያወርዳል። አልኮል ከተጨመረበት ጉበት ስኳር እንዳያመርት ስለሚከለክል መውረዱ ሌሊት ሊመጣ ይችላል፤ ላብና መንቀጥቀጡን አጠገቡ ያለው ሰው ስካር ያደርገዋል። የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነና መዋጥ ከቻለ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ በውኃ አሟሙቶ መጠጣት፤ በ15 ደቂቃ እንደገና መለካት።

የሥነ ምግብ ባለሙያ
እንግዲያው አቋሜን ላስተካክል። በየቀኑ መመዘኑን አልተውም፤ ግን አንድ ደንብ እጨምራለሁ፦ በአንድ ቀን ቁጥር ምንም አይደረግ። ቁርስ አይዘለል፣ እራት አይቀነስ። የሰባት ቀን አማካይ ከበዓሉ በፊት ከነበረው በግማሽ ኪሎ ከበለጠና ለሁለት ሳምንት እዚያው ከቆየ ያኔ እርምጃ ይወሰድ። ግማሽ ኪሎ ስብ 3,850 ካሎሪ ነው። በቀን 250 ቢቀነስ 15 ቀን ገደማ ይፈጃል። ያ 250 ደግሞ ሼፍ ያሳዩን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ነው፤ ማንም ሳይራብ የሚገኝ ነገር።

እንቅልፍም አይዘንጋ። ጥቂት የተኛ ሰው በማግሥቱ አብዝቶ እንደሚበላ በተደጋጋሚ ታይቷል። በዓል ደግሞ የሚያመሹበት ሰሞን ነው።

የሥነ ልቦና አማካሪ
በዚያ ደንብ ጤነኛ አዋቂ ቢመዘን አልከራከርም። የማልለቅቀው ግን አለ። ቀደም ሲል የአመጋገብ መታወክ የነበረበት፣ ከበላ በኋላ የሚያስመልስ ወይም ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚወስድ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ሚዛን ላይ የሚወጣ ሰው አማካይ ቢሠራም ባይሠራም ቁጥሩ ይጎዳዋል። ለእሱ ሚዛኑ ከቤት ይውጣ፤ መመዘን ግድ ከሆነ የሚያክመው ባለሙያ ይመዝነው።

አሰልጣኝ
በዚህ እስማማለሁ። በየቀኑ የማይሆንለት ነገር ግን መመዘን የሚፈልግ ሰው ካለ ሁለት ቋሚ ቀን ይምረጥ። በበርሚንግሃሙ ሙከራ የተጠየቀው ትንሹም ሁለት ነበር። ከድግስ ማግሥት የማይውሉ ቀናት ቢሆኑ ይመረጣል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
ቤት ውስጥ አንድ ሚዛን ለሁሉም ከሆነ ደግሞ መዝገቡ የየግል ይሁን፤ በር ላይ አይለጠፍ። ልጆችን በበዓል ሰሞን አሰልፎ መመዘን፣ "ወፈርሽ፣ ከሳህ" ማለት ይቅር። የሚያድግ ልጅ ኪሎ መጨመሩ የሚጠበቅ ነው፤ እድገቱ የሚታየው ከቁመቱና ከዕድሜው ጋር በጤና ጣቢያ ሰንጠረዥ ላይ ነው።