ፒኤስ4፦ ቁልፉ ትንሹን ልጅ ከመጫወት እንጂ ከማየት አላገደውም

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ፒኤስ4 ስሊም (የሶኒ ጌም ማጫወቻ) እና አንድ ቴሌቪዥን ነው፤ ሁለቱም ሳሎን። ትልቁ ልጅ 18 ሞልቶታል፣ ትንሹ 9 ዓመቱ ነው። ትልቁ የሚጫወተው በአውሮፓው የፔጊ ምደባ 18 የተሰጠው የተኩስ ጌም ነው።

የወላጅ መቆጣጠሪያው ተስተካክሏል። ከፋብሪካ የሚመጣው 0000 ኮድ ተቀይሯል፤ እሱ ካልተቀየረ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ትንሹ የራሱ አካውንት አለው፣ የዕድሜ ደረጃውም ዝቅ ብሏል። አዲስ ተጠቃሚ መፍጠርና በእንግዳነት መግባት ተዘግቷል፤ አለዚያ ሌላ ስም ከፍቶ ይገባል። የትልቁ አካውንትም ባለ4 አኃዝ መግቢያ ኮድ አለው። እስከዚህ ችግር የለም።

ችግሩ ትልቁ ሲጫወት ትንሹ አጠገቡ ተቀምጦ ማየቱ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ድምፁን አስቀረ፣ ደሙ ግን ስክሪኑ ላይ አለ። ትንሹ ሲተኛ ብቻ ይጫወት እንዳይባል፣ ሳሎኑ የትንሹ መኝታም ነው።

ትንሹ በማየቱ ወንጀለኛ ይሆናል የሚል ስጋት የለም። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበርም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው አቋም እንዲህ ያሉ ጌሞችን ያያያዘው ከመጮህና ከመገፋፋት ጋር እንጂ ከከባድ ጥቃት ጋር አይደለም። ግን መገፋፋቱም ለ9 ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም።

የቀረው ሪሞት ፕሌይ (የፒኤስ4ቱን ጌም በስልክ ስክሪን ላይ የሚያጫውት መተግበሪያ) ነው፦ ፒኤስ4ቱን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ፣ ጆይስቲኩን በብሉቱዝ ከአንድሮይድ ስልክ ጋር ማጣመር። ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፤ ስልኩ በዚያው ራውተር የቤት ዋይፋይ ላይ ከሆነ የተኩስ ጌም ሳይዘገይና ሳይቆራረጥ ያጫውታል?